የዋግ ትንበያ ከአየር ሁኔታ ዜና ጎን ቦታ ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የሚወጣውን የአየር ሁኔታ መረጃ ከማይዘሉት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ለረጅም ዓመታት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ልማዱ አልተወኝም፤ በክረምት ማለዳ ተነሥቼ የሣሩን ጤዛ በእጄ ሳልዳስስ ቁርስ አልቀምስም። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም ያው ጤዛ ነው። የአየር ሁኔታ ዜናችን ለከተማው ሰው ጃንጥላ ይያዝ አይያዝ ይነግረዋል፤ ስንዴ ለዘራው አርሶ አደር ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ የሰብሉ ቅጠል ስንት ሰዓት እርጥብ ሆኖ እንደሚያድር አይነግረውም። ቢጫ ዋግና የግንድ ዋግ የሚባሉ ዓይነቶች ያሉት ዋግ፣ በነፋስ የሚዛመተው የስንዴ የፈንገስ በሽታ፣ ሰብሉን የሚይዘው ደግሞ በእነዚያ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የስንዴ ዋግ ትንበያ ከአየር ሁኔታ ዜናው ጎን በጋዜጣችሁም፣ በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም ቋሚ ቦታ እንዲያገኝ ለማሳሰብ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ የገባኝ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ነው። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በዚያን ጊዜ በአርሲና በባሌ ሰፊ መሬት ይዞ ነበር። አርሶ አደሩ ወደዚህ ዝርያ የዞረው ከሦስት ዓመት በፊት ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ ስለመታበት፣ ዲገሉ ደግሞ ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም ነበር። አንድ ማለዳ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ማሳቸው ውስጥ ገባሁ። ከሩቅ ሲታይ ለአጨዳ የደረሰ ይመስላል፤ አሥር እርምጃ እንደሄድኩ ግን ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች የሸክላ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ግንዱን በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ልጡ ተላጦ ሻካራ ሆኗል። ሽማግሌው አንድ ዛላ ቀንጥሰው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉት፤ ገለባው ሲበር መዳፋቸው ላይ የቀረው ፍሬ እንኳን ለዘር ለዶሮ የማይሆን፣ የተጨማደደና የኮሰመነ ነበር። «ልጄ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት መጥተህ ቢሆን ኖሮ» ብለው ዝም አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት እኔም ቢሮ ተቀምጬ የስንዴው ቁመና እጅግ አመርቂ እንደሆነ ሪፖርት ስጽፍ ነበር። በዚያ ዓመት የግንድ ዋግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ላይ የተዘራ ዲገሉን አጥቅቶ፣ በብዙ ማሳ ላይ ማጭድ ማስገባት እንኳን ትርፉ ድካም ሆነ።

ለመሆኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር? ነበር ባይ ነኝ። ዋግ እንዲነሣ የሚያስፈልጉት ነገሮች እንደ ምድጃ ጉልቻ ሦስት ናቸው፤ በሽታውን መቋቋም የማይችል ዝርያ፣ በነፋስ የሚመጣው የዋጉ ብናኝ፣ እንዲሁም ለብናኙ የሚስማማ አየር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ድስቱ አይቀመጥም። ዝርያው የትኛው ቀበሌ ላይ እንደተዘራ ይታወቃል። ብናኙ ከየት እንደተነሣ በማሳ አሰሳ ይደረስበታል። አየሩ ደግሞ ይለካል፤ ለቀናትም አስቀድሞ ይተነበያል።

አየሩ የሚስማማው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ሳይንሱ ግልጽ መልስ አለው። የዋግ ብናኝ ቅጠል ላይ ስላረፈ ብቻ ምንም አያደርግም፤ በቅሎ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ለመግባት በቅጠሉ ላይ የቆመ ውኃ ይፈልጋል፤ ዝናብም ሆነ ጤዛ ለእሱ ልዩነት የለውም። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛውን አየር የሚወድ ነው፤ ሙቀቱ ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንና ቅጠሉ ቢያንስ ለ3 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ሥራውን ይጀምራል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን ይመርጣል፤ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚቆይ የሌሊት ጤዛ ያስፈልገዋል፤ ጤዛው እየደረቀ ሲሄድም ብርሃንና ሙቀት ሲያገኝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሰብሉ ጤነኛ መስሎ ይቆማል፤ የበሽታው ቁስል ፈንድቶ ዱቄቱ ሲታይ አዲሱ ብናኝ ወደ ጎረቤት ማሳ ለመብረር ተዘጋጅቷል። አርሶ አደሩ «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ተቃጥሎ አደረ» የሚለው ስለዚህ ነው። ትናንትም ደህና አልነበረም። ይህ የማይታይ ጊዜ ነው የትንበያን ዋጋ የሚያሳየው፤ ዓይን ከሚያየው በፊት የሚያይ ቴርሞሜትሩና የእርጥበት መለኪያው ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ የአገራችን ደጋ ከሌላው ዓለም የሚለይበትን አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። በአሰላ አጠገብ ባለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የዓመቱ አማካይ የሌሊት ሙቀት 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ማለት ለቢጫ ዋግ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ክረምቱ ቅዝቃዜ የሚገድልበት አገር አይደለንም፤ በጋውም በደጋው ላይ የሚያቃጥል አይደለም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጉዳዩን የሚወስነው እርጥበቱ በቅጠሉ ላይ የሚቆይበት የሰዓት ርዝመት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች «ጉሙ እስከ 4 ሰዓት ካልተነሣ ስንዴውን እንጃ» ሲሉ የሚናገሩት ተረት እንዳልሆነ የተረዳሁት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው። ዶፍ ዝናብ ጥሎ ወዲያው ፀሐይ ከወጣ ነገሩ እምብዛም አያሰጋም፤ ካፊያና ጉም ቀኑን ሙሉ ሲለዋወጡ ከዋሉ ግን በዝናብ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆንም ለዋግ ድግስ ነው። አብዛኞቹ የገጠር መለኪያ ጣቢያዎቻችን ደግሞ የሚመዘግቡት በቀን አንድ ጊዜ ጧት በ3 ሰዓት የሚነበበውን የዝናብ መጠን ነው። ለጎርፍና ለድርቅ ይህ ያገለግላል። ለዋግ የሚበጀው በየሰዓቱ የሚመዘገብ የአየር እርጥበት ነው፤ አንጻራዊው እርጥበት ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ የቆየባቸውን ሰዓታት በመቁጠር ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያደረበትን ጊዜ መገመት ስለሚቻል፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም።

ወደ 2002 ክረምት ልመለስ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከተለመደው ረዝሞ፣ አየሩም ቀዝቅዞ ቆየ። ኩብሳና ገለማ ተመሳሳይ የመቋቋም ባሕርይ ስለነበራቸው፣ ያንን ባሕርይ የሰበረ የቢጫ ዋግ ዘር ሲመጣ አብረው ወደቁ። ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ ተጠቃ፤ ለፀረ ፈንገስ ኬሚካል መግዣም ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በወቅቱ ጥፋቱን ዝርያው ላይ የጫንን ብዙዎች ነበርን። እርግጥ ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1974 ላቀች፣ በ1988 ዳሸን፣ በ1993 እና 94 እንኮይ በተመሳሳይ ሁኔታ በዋግ ተመትተዋል። አዲስ ዝርያ ይወጣል፣ ይወደዳል፣ አገር ይሞላል፣ ከዚያ ይወድቃል። ተመራማሪዎቻችን አዲስ ዝርያ በማውጣት የሠሩትን ሥራ የማቃልል አይደለሁም፤ ነገር ግን ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሲፈጅ ፈንገሱ ባሕርዩን ለመለወጥ ጥቂት ወቅቶች ይበቁታል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ አርሶ አደሩ በምን ይለፈው? መልሱ በጊዜው የደረሰ ማስጠንቀቂያና በጊዜው የተረጨ መድኃኒት ነው።

ደግነቱ ማስጠንቀቂያው አለ። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ግብርና ሚኒስቴር፣ የአሁኑ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በጋራ የዘረጉት የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ይፋ ሆኗል። የአሰሳ ባለሙያዎች ከየማሳው ያዩትን በእጅ መሣሪያ ይልካሉ፤ ብናኙ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚያርፍ በኮምፒውተር ይሰላል፤ ካረፈ በኋላም የቦታው ሙቀትና እርጥበት ይስማማው እንደሆነ ለመጪዎቹ 7 ቀናት ይተነበያል። ብናኙን የሚከተለው ሞዴል መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 ከቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ጨረር ያዘለው ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚጓዝ ለማወቅ ነበር። ያ ሞዴል ዛሬ ከየመን ተነሥቶ ቀይ ባሕርን የሚሻገረውን የዋግ ብናኝ ይከታተላል። ከእኛ ልምድ በመነሣትም ሥርዓቱ ወደ ኔፓልና ወደ ባንግላዴሽ ተስፋፍቷል። ከውጭ ስንቀዳ ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አገራችን ቀድማ የሠራችበት ጉዳይ ነው። አርሲ ውስጥ ያለ ስንዴ አምራች ስለ ሥርዓቱ መኖር ሳይሰማ መኸሩ ሲያልፍበት ግን ማዘኔ አልቀረም።

ችግሩ የሚጀምረው ትንበያው ከማዕከል ከወጣ በኋላ ነው። ሁለት ነገሮችን ለይቼ ልናገር።

አንደኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትንበያ መሬቱን ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሚሆን መረብ ከፋፍሎ ነው የሚያየው። በሜዳማ አገር ይህ ይበቃል። ከአሰላ ተነሥቶ ወደ ጭላሎ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን በዚያ ርቀት ውስጥ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይለያያል፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ በአንድ የመረብ ዓይን ውስጥ ከታች ለግንድ ዋግ፣ ከላይ ለቢጫ ዋግ የሚስማማ አየር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ለሁለቱም አንድ መልእክት ሲላክ ለአንደኛው ስህተት ይሆናል። መፍትሔው ከላይ የሚመጣውን ትንበያ ከታች በሚለካ መረጃ ማረም ነው። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በእያንዳንዱ ማዕከል ሙቀትንና እርጥበትን በየሰዓቱ የሚመዘግብ፣ በጥላ የተከለለ ትንሽ መሣሪያ ማቆም ከባድ ወጪ አይደለም። ከባዱ ነገር መሣሪያውን የሚያነብና መረጃውን የሚልክ ሰው መመደብ ነው፤ ሰው ያልተመደበለት መሣሪያ በሁለተኛው ዓመት የሸረሪት ድር ሲያደራበት አይቻለሁ።

ሁለተኛውና የባሰው የጊዜ ጉዳይ ነው። በነበርኩበት ወረዳ በአንድ ዓመት የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እጄ የገባው በ11ኛው ቀን ነበር። ትንበያው የ7 ቀን ነው! ባለጉዳዩ መሥሪያ ቤት የትኛው እንደነበር መናገር አልፈልግም፤ በየትኛውም ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ደብዳቤው ሳይዘገይ ቢመጣስ? በመጀመሪያው ቀን የሰማ አርሶ አደር መድኃኒት ፍለጋ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ይሄዳል፤ ከተገኘለት በሦስተኛው ቀን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ የጀርባ መርጫ ተራ ይጠብቃል። እንደ ቲልትና ሬክስ ዱኦ ያሉት መድኃኒቶች በሄክታር ግማሽ ሊትር ያህል ቢበቃቸውም የሚበጠበጡት ከ200 ሊትር በማያንስ ውኃ ነው፤ ይህም መርጫውን ከ10 ጊዜ በላይ መሙላት፣ ውኃውንም በአህያና በጀሪካን ከወንዝ ማመላለስ ማለት ነው። በመጨረሻም ዝናብ የማይጥልበት ግማሽ ቀን ማግኘት አለበት፤ ዋግ የሚያሰጋው ደግሞ ዝናብና ጉም በሚበዛበት ሳምንት ነው። 7 ቀን የሚባለው ጊዜ እንዲህ ሲቆጠር ለአርሶ አደሩ የሚተርፈው ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ ትንበያው ሲወጣ አስቀድሞ ሊሰማ የሚገባው መድኃኒት አቅራቢው ነው። የአደጋው መጠን ከፍ ባለባቸው ወረዳዎች መጋዘኑ ከማስጠንቀቂያው በፊት መሞላት ሲገባው፣ እኔ የማውቀው ግን ዋጉ ከታየ በኋላ የሚጻፍ የግዥ ጥያቄ ነው።

የመልእክቱም አነጋገር ይታሰብበት። «በአካባቢዎ መካከለኛ የመከሰት ዕድል አለ» የሚል የስልክ መልእክት የደረሰው አንድ ጎበዝ ገበሬ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ እንግዲህ ልርጭ ወይስ ልተወው?» አለኝ። መልስ ለመስጠት የዘራውን ዝርያ፣ ሰብሉ ዛላ ማውጣት አለማውጣቱን፣ በጎረቤት ማሳ ላይ የታየ ነገር መኖሩን ጠየቅኩት። ዝርያው ተጋላጭ ከሆነ፣ ዛላው እየወጣ ከሆነና በቀበሌው ዋግ ከታየ ይርጭ፤ ዝርያው የሚቋቋም ከሆነ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ ማሳውን ግን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይመልከት። ይህን ያህል ነገር ለአርሶ አደሩ የግብርና ምክር በሚሰጠው በ8028 የስልክ መስመር በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም በድምፅ ማስተላለፍ ይቻላል። መስመሩ አለ፤ አርሶ አደሩም ይደውልበታል።

ትንበያው ሳይሆን ሲቀር አርሶ አደሩ እምነት ያጣል የሚል ሥጋት በስብሰባዎች ላይ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም፤ በከንቱ የተረጨ መድኃኒት ገንዘብም ጤናም ያባክናል። ነገር ግን ደመናን አይቶ ዘር የሚዘራ ሰው ስለ ዕድል ከእኛ ከባለሙያዎቹ የተሻለ ያውቃል። የሚያስቀይመው የተነገረው አለመድረሱ ሳይሆን፣ የማይቀር ተብሎ ተነግሮት ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ያልተነገረው ሲደርስማ የሽማግሌው መዳፍ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሌላም ያልተጤነ ነገር አለ። ቀድሞ ስንዴ በአብዛኛው የመኸር ሰብል ስለነበር፣ ባሌን በመሳሰሉ በልግ አምራች አካባቢዎች ካልሆነ በቀር፣ ከታኅሣሥ በኋላ ለዋግ የሚሆን አረንጓዴ ስንዴ እንደልብ አይገኝም ነበር። ዛሬ በቆላው የበጋ መስኖ ስንዴ በስፋት ይመረታል። ለምግብ ዋስትና የሚሰጠውን ጥቅም የሚክድ የለም። ሆኖም ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ነው፤ ስንዴ ዓመቱን ሙሉ ማሳ ላይ ካለ ፈንገሱ ከበጋ ወደ በልግ፣ ከበልግ ወደ መኸር የሚሸጋገርበት ድልድይ አገኘ ማለት ነው። በተለይ የግንድ ዋግ ሙቀትን ስለሚወድ ቆላው አይከብደውም። ስለዚህ የአሰሳውም ሆነ የትንበያው ሥራ በጥቅምት ተዘግቶ በሐምሌ የሚከፈት መሆን የለበትም፤ ጋዜጣውም በበጋ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቢያወጣው መልካም ነው።

ይህን ያህል መረጃ ለሕዝብ ማቅረብ ይወሳሰባል የሚል ካለ የእንግሊዝን የድንች ገበሬዎች ይመልከት። በስም እንጂ በበሽታነቱ ከስንዴው ለሚለየው ለድንች ዋግ የሚሠሩበት ደንብ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በተከታታይ ሁለት ቀን ዝቅተኛው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ካልወረደና በእያንዳንዱ ቀን እርጥበቱ ቢያንስ ለ6 ሰዓት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠንቀቅ ይላል። ቀድሞ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የነበረውን ተመሳሳይ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 አሻሽለው ያወጡት ነው። የጠራ ቁጥርና የጠራ ቃል ስለሆነ ማንም ይረዳዋል።

የምጠይቀው አምድ ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። የአካባቢው ስም፣ በሳምንቱ ቅጠል እርጥብ ሆኖ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ብዛት፣ የሌሊቱ ሙቀት ለቢጫው ወይስ ለግንዱ ዋግ እንደሚስማማ፣ ዋግ የታየባቸው ወረዳዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጋላጭ የሆኑት ዝርያዎች ስም ይኑርበት። መረጃው ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ የእናንተ ድርሻ በየሳምንቱ ሳያቋርጡ መጠየቅና ማተም ነው። ቢቻል ከገበያ ቀን በፊት ይውጣ፤ ጋዜጣ የማይደርስበት ቀበሌ ላለ ሰው ወሬው ከገበያ አብሮ ይገባለታልና። እኔም ከሰኔ ወር ጀምሮ በጓሮዬ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከሰቀልኩት መለኪያ የሌሊቱን ሙቀትና እርጥበት በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ ለማመሳከር የሚፈልግ የዝግጅት ክፍል ባልደረባ ካለ ደብተሩን ገልብጬ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ
ከአሰላ